የጠላት ዕቃ በክርስቲያን ቤት

በመገናኛ የሚኖሩ አንድ ምእመን፥ አያታቸው ከፋሽስት ወታደር የማረኩትን የብረት ቆብ በእንግዳ መቀበያቸው አኑረዋል። ጎረቤታቸው «ይህ የዘረኞች ምልክት ነው» ብለው ስላዘኑ፥ ምእመኑ «ላስወግደውን?» ሲሉ ጠየቁን።

የጎረቤታቸው ኀዘን ከንቱ አይደለም። ያ አገዛዝ በ1929 ዓ.ም. ኢጣሊያዊ ከኢትዮጵያዊት ጋር በትዳር መልክ እንዳይኖር በሕግ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት ከየካቲት 12 ጀምሮ የአዲስ አበባን ሕዝብ፥ በግንቦትም የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ፈጀ።

ነገር ግን ዕቃ በራሱ አይኮነንም፤ የሚመረመረው የሚሰጠው ክብር ነው። የጎልያድ ሰይፍ በጨርቅ ተጠቅልሎ በካህኑ ዘንድ ተጠብቆ ነበር፤ ሙሴ የሠራውን የናስ እባብ ግን ሕዝቡ ባጠኑለት ጊዜ ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው። በስድስት ኪሎም ፋሽስቶች የሠሩት ደረጃ አልፈረሰም፤ የይሁዳ አንበሳ ምስል በጫፉ ስለ ተቀመጠ የድል ምስክር ሆነ።

ስለዚህ ምእመኑ ቆቡን ይጠብቁ፤ ነገር ግን እንደ ጌጥ አያድርጉት። ታሪኩን ጽፈው በአጠገቡ ያኑሩ፥ ጎረቤታቸውንም ጠርተው ያስረዱ። ከዚህም በኋላ ጎረቤታቸው ቢሰናከሉ፥ ከእንግዳ ዓይን ያርቁት፤ የባልንጀራ ሰላም ከዕቃ ይበልጣልና።

ምእመናን ሆይ፥ እኛም ወንድማችንን በዘሩ ብንንቅ፥ ያ ቆብ ከመደርደሪያው ወርዶ በራሳችን ላይ እንደ ተቀመጠ እንወቅ።