ዕዳው የማን ነው? ስለ መንግሥት በጀት ክርክርና ስለ ሕሊና

ሁለት ሰዎች አንድን የሒሳብ መዝገብ ገልጠው አንዱ «አባካኙ አንተ ነህ» ቢል፣ ሌላውም መልሶ «አንተ ነህ እንጂ» ቢለው፣ ከሁለቱ አንዱ የግድ ሐሰተኛ ነውን? ወይስ ሁለቱም እውነተኛ ቁጥር እየጠሩ ሁለቱም ሊበድሉ ይችላሉ? ጥያቄው የሒሳብ ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። እኛ ግን የሕሊና ጥያቄ ነው እንላለን። የሕዝብ ገንዘብ ከድኻውም ከባለጸጋውም ላብ ተሰብስቦ ለሕመምተኛው፣ ለአረጋዊው፣ ለተማሪው የሚከፋፈል በመሆኑ፣ በእርሱ ላይ የሚነገር እያንዳንዱ ቃል የአንድን ሰው እንጀራ የሚነካ ቃል ነው።

ነገሩን በተጨባጭ ለመመርመር የአሜሪካን ምሳሌ መርጠናል። የሌላውን ሀገር ጉድ ለማውራት አይደለም። በዚያ ሀገር የመንግሥት ገቢና ወጪ ማንም ሊያነበው በሚችል መልክ በየጊዜው ታትሞ ስለሚወጣ፣ ተከራካሪዎቹ «ሒሳቡ ተሰወረብን» ብለው ሊያመካኙ አይችሉም። ከዚህም ሌላ በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ ብዙ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ጠቡ በተነሣ ቁጥር ጦሱ ይደርስባቸዋል። ዘመናቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በጃንዋሪ 2001 ፕሬዚደንት ክሊንተን ሥልጣን ሲለቁ የሀገሪቱ ዕዳ 5.7 ትሪሊዮን ዶላር ያህል ነበር። በ2009 ፕሬዚደንት ጆርጅ ቡሽ ልጅየው ሲለቁ 10.6፣ በ2017 ኦባማ ሲለቁ 19.9፣ በ2021 ትራምፕ የመጀመሪያ ዘመናቸውን ሲፈጽሙ 27.7፣ በ2025 ባይደን ሲለቁ 36.2 ትሪሊዮን ገደማ ደረሰ። (ትሪሊዮን ማለት ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው፤ አእምሮ የሚጨብጠው ቁጥር አይደለም፤ ለማማረር ግን ይመቻል።) ከእነዚህ አራት የሥልጣን ዘመናት ሁለቱ የሪፐብሊካን፣ ሁለቱ የዲሞክራት ፓርቲ ነበሩ። ዕዳው በአራቱም ዘመን አደገ። የተፈራረቀው ጩኸቱ ብቻ ነው፤ ከሥልጣን ውጭ ያለው ወገን ስለ ልጆችና የልጅ ልጆች ዕዳ ያለቅሳል፣ ሥልጣን በያዘ ማግሥት ልቅሶው ይነጥፋል።

ይህ በግልጽ ከሚታይባቸው ስፍራዎች አንዱ የብድር ጣሪያ የሚባለው ሕግ ነው። መንግሥት ሊበደር የሚችለው ገንዘብ በሕግ የተወሰነ ስለሆነ፣ ወሰኑ በተነካ ቁጥር ምክር ቤቱ ከፍ ማድረግ ይኖርበታል። ብዙ ሰው ይህን ለአዲስ ወጪ የሚሰጥ ፈቃድ ይመስለዋል፤ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ወጪውን ራሱ ምክር ቤቱ አስቀድሞ አጽድቆታል። ከባለ ሱቁ በዱቤ ወስዶ፣ እቃውን ቤቱ አስገብቶ ከጨረሰ በኋላ «ልክፈል ወይስ አልክፈል?» ብሎ እንደሚከራከር ሰው ነው።

በማርች 2006 የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል የነበሩት ባራክ ኦባማ የብድር ጣሪያው ከፍ እንዲል የቀረበውን ሐሳብ የመሪነት ውድቀት ምልክት ነው ብለው ተቃወሙ። በ2011 ግን ራሳቸው ፕሬዚደንት ሆነው ያንኑ ነገር ምክር ቤቱን ለመኑ፤ ያን ጊዜም የ2006ቱ ድምፃቸው ለፖለቲካ ሲባል የተሰጠና ስሕተት እንደ ነበረ በአደባባይ ተናገሩ። ጥፋትን ማመን የሚከበር ነገር ነው። ሆኖም የታመነው ጣሪያው በራሳቸው ራስ ላይ ከወረደ በኋላ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በዚያው በ2011 ሪፐብሊካኖቹ ከፍተኛ የወጪ ቅነሳ ካልተደረገ ጣሪያውን አናነሣም ብለው ሀገሪቱን ዕዳዋን ለመክፈል እስከምትቸገርበት ጫፍ አደረሷት። ስምምነቱ በመጨረሻው ሰዓት ቢፈረምም፣ በኦገስት 5 ቀን ስታንዳርድ ኤንድ ፑርስ የተባለው የብድር መዛኝ ድርጅት የአሜሪካን ከፍተኛ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አደረገው። ከዚያም በራሳቸው ፕሬዚደንት ዘመን፣ በ2017፣ በ2018 እና በ2019፣ የብድር ገደቡ ያን የመሰለ ቅድመ ሁኔታ ሳይቀርብ ሦስት ጊዜ ታገደ። በ2023 ዲሞክራቱ ባይደን ሥልጣን ላይ ሳሉ ቅድመ ሁኔታው ተመልሶ መጣ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የተጠራው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነበር። ጥፋቱ ያለው ቁጥሩ በሚጠራበት ጊዜ ላይ ነው። ስለ ሐሰት ምስክርነት የተሰጠውን ትእዛዝ ስናስተምር ብዙውን ጊዜ ያልሆነውን ሆነ ማለትን ብቻ እንጠቅሳለን። ነገር ግን የሆነውን በወንድም ላይ ብቻ መመስከር፣ በራስ ላይ ሲሆን ዝም ማለት፣ እርሱም ሐሰት ምስክርነት ነው። አበው «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» ሲሉ ይህንኑ አይተው ነው።

ከዚህ የሚለይ ታሪክም አለ። በ1988 የፕሬዚደንትነት ዕጩ የነበሩት ጆርጅ ቡሽ አባትየው አዲስ ግብር ከቶ እንደማይጥሉ በፓርቲያቸው ጉባኤ ፊት ቃል ገቡ፤ ተመረጡም። ከሁለት ዓመት በኋላ የበጀቱ ጉድለት እየሰፋ ሲሄድ ከዲሞክራቶቹ መሪዎች ጋር ተቀምጠው ወጪ የሚቀንስ፣ ግብርም የሚጨምር ስምምነት አደረጉ። ኒውት ጊንግሪችን የተከተሉ የገዛ ፓርቲያቸው አባላት ተነሡባቸው፤ የመጀመሪያው ስምምነት በኦክቶበር 1990 በተወካዮች ምክር ቤት ወደቀ፤ ተሻሽሎ ከጸደቀ በኋላም ነቀፋው አልበረደም። በ1992 ምርጫ ተሸነፉ። ከሽንፈታቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው የታጠፈ ቃል እንደ ነበረ ብዙዎች ይናገራሉ።

እንግዲህ ቃል ማጠፍ በደል አይደለምን? በደል ነው። ይሁን እንጂ በደሉ የትኛው ላይ እንደሚያርፍ መመርመር ያስፈልጋል። ሄሮድስ በእንግዶቹ ፊት የማለውን መሐላ ጠብቋል፤ መሐላውን ስለ ጠበቀ ግን ማንም ጻድቅ አላለውም። ነገሩን ከግብር ጋር ማነጻጸራችን ከባድ ቢመስልም ትምህርቱ አንድ ነው፤ ሊገባ የማይገባውን ቃል የገባ ሰው ቃሉን መጠበቁ በበደል ላይ በደል ሊጨምር ይችላል። የነገው ችግር ምን እንደሚሆን ሳያውቁ «ከቶ አላደርግም» ብሎ ድምፅ መሰብሰብ፣ እኛ እንደምናየው፣ የጥፋቱ ትልቁ ክፍል ነበር። በ1990 ያደረጉት ግን፣ ዋጋውን ሌላ ሰው ሳይሆን ራሳቸው የከፈሉበት ሥራ ነው። በሕዝብ ገንዘብ ክርክር ውስጥ ይህ ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

ከስምምነቱ ጋር አንድ ትልቅ ሥርዓት ወጣ። ግብር የሚቀንስ ወይም በሕግ ቋሚ የሆነ አዲስ ወጪ የሚያመጣ ሕግ ያቀረበ ሁሉ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ አብሮ ማሳየት ነበረበት። በ1993 ክሊንተን ያቀረቡት የግብርና የወጪ ሕግ ያለ አንድ ሪፐብሊካን ድምፅ፣ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤትም በምክትል ፕሬዚደንቱ በአል ጎር አንድ ድምፅ ብቻ አለፈ፤ በ1997 ደግሞ ሁለቱ ወገኖች ተስማምተው ሌላ ሕግ አወጡ። በ1998 ከ1969 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ገቢ ከወጪ በለጠ፤ ትርፉም እስከ 2001 ቀጠለ። ሁለቱም ፓርቲዎች «ሥራው የእኛ ነው» ይላሉ፤ የኢኮኖሚው ማደግ ያደረገውን ድርሻ ግን ሁለቱም አሳንሰው ይናገራሉ። ያ ሥርዓት በ2002 ዘመኑ አበቃ። በ2010 በሌላ መልክ ቢታወጅም ምክር ቤቱ በየጊዜው ራሱን ከሕጉ ነጻ ያወጣል።

እስካሁን ያልነውን ይዞ «እንግዲያስ ክርክሩ ሁሉ ግብዝነት ነው» የሚል አንባቢ ቢኖር ይሳሳታል። መንግሥት ለድኻው እስከ ምን ድረስ ኃላፊነት አለበት? ከሠራተኛው ስንት ሊወስድ ይገባዋል? በእነዚህ ላይ ቅን ሰዎች በቅንነት ይለያያሉ። ለእኛ ለካቶሊካውያን ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ የ2012 ምርጫ ነው። በዚያ ዓመት የሁለቱም ፓርቲዎች የምክትል ፕሬዚደንትነት ዕጩዎች፣ ጆ ባይደንና ፖል ራየን፣ ካቶሊካውያን ነበሩ። የተወካዮች ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ራየን ያዘጋጁት በጀት በቤተ ክርስቲያን ማኅበራዊ ትምህርት እንደ ተመራ ተናገሩ። የጠቀሱትም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1931 ያብራሩትን፣ ቤተሰብና ትንሹ ማኅበር ሊሠራው የሚችለውን ትልቁ አይንጠቀው የሚለውን ሥርዓት ነው። የአሜሪካ ጳጳሳት ጉባኤ ግን በዚያው ዓመት ለምክር ቤቱ በላካቸው ደብዳቤዎች የድኾችን የምግብ እርዳታ መቀነስ ትክክል እንዳልሆነ ገለጠ፤ የበጀት ሚዛን በድኾች ትከሻ ላይ ከመጠን በላይ ሊያርፍ እንደማይገባም አሳሰበ።

ራየን ዕዳው ራሱ በስተመጨረሻ ድኻውን ይጎዳል ማለታቸው ቁም ነገር ያለው ሐሳብ ነው፤ ሊሾፍበት አይገባም። የወለድ ክፍያ ባደገ ቁጥር ለትምህርትና ለሕክምና የሚተርፈው ያንሳል። በ2024 የበጀት ዓመት አሜሪካ ለዕዳዋ የከፈለችው የተጣራ ወለድ ለመከላከያ ካወጣችው በልጧል። ነገር ግን በዲሴምበር 2017 ራየን አፈ ጉባኤ ሳሉ፣ በአሥር ዓመት ውስጥ 1.5 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ገቢ የሚያስቀር የግብር ቅነሳ ሕግ ምትክ ሳይፈለግለት አለፈ። ባይደንም በበኩላቸው በማርች 2021 የ1.9 ትሪሊዮን ዶላር ሕግ በብድር አወጁ። የወረርሽኝ ዘመን ነበርና ብድሩን ፈጽመን አንነቅፍም፤ በሕጉ ውስጥ የነበረው የልጆች ድጎማ በዚያ ዓመት በድህነት የሚኖሩ ልጆችን ቁጥር፣ የመንግሥትን እርዳታ በሚያካትተው አለካክ፣ ወደ 5.2 በመቶ አወረደው፤ ድጎማው ሲቆም በ2022 ወደ 12.4 በመቶ ተመለሰ። የምናዝነው ለእንዲህ ያለ መልካም ሥራ ዘላቂ ገንዘብ ለመፈለግ ሁለቱም ወገን አብሮ አለመቀመጡን ነው።

ዛሬ ደግሞ ክርክሩ ከቁጥሩ አልፎ ወደ አቆጣጠሩ ገብቷል። በ2017 የወጣው የግብር ቅነሳ አብዛኛው በ2025 መጨረሻ ያበቃ ነበር። በጁላይ 2025 ሲራዘም፣ በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ያሉ ሪፐብሊካኖች ቅነሳው ድሮም የነበረ ስለሆነ መራዘሙ ወጪ አይባልም ብለው ዜሮ ቆጠሩት። የምክር ቤቱ የበጀት ጽሕፈት ቤት በተለመደው አቆጣጠር ሕጉ በጠቅላላው በአሥር ዓመት 3.4 ትሪሊዮን ዶላር ጉድለት እንደሚጨምር ገመተ። አንድ ሰው ለዓመት የተከራየውን ቤት «እስካሁን ስኖርበት ነበርና የከርሞው ኪራይ ወጪ አይደለም» ቢል ባለቤቱ ምን ትለው ይሆን? ዲሞክራቶቹም በ2021 ቋሚ እንዲሆን የሚመኙትን የልጆች ድጎማ በረቂቅ ሕጋቸው ለአንድ ዓመት ብቻ ጽፈው ዋጋው ትንሽ እንዲመስል አድርገው ነበር። አንደኛው የሚቀጥለውን እንዳለቀ ቆጠረ፣ ሌላው አዲሱን እንደ አሮጌ።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ ልምምድ እንጠቁማለን። ከላይ ካነሣናቸው ውሳኔዎች ሁለት ሦስቱን የፓርቲውንና የመሪውን ስም አስቀርታችሁ በሰሌዳ ላይ ጻፉ፤ ወጣቶቹ ፍርዳቸውን ከሰጡ በኋላ ስሞቹን ግለጡ። እኛ ራሳችን ሞክረነው አፍረናል፤ ስሙ ሲገለጥ ፍርዳችንን ለመለወጥ ሰበብ ስንፈልግ ራሳችንን ያዝነው።

ምክር ቤቱ ሳይስማማ ሲቀር የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ። ከዲሴምበር 1995 እስከ ጃንዋሪ 1996 ለ21 ቀን፣ ከዲሴምበር 2018 እስከ ጃንዋሪ 2019 ለ35 ቀን፣ በ2025 ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12 ለ43 ቀን ተዘግተዋል። በመጨረሻው መዘጋት 42 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚያገኙት የምግብ እርዳታ በኖቬምበር ተስተጓጎለ። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው። በዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳው፣ መኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው፣ ለቢሮ ሠራተኞች ምሳ የሚሸጠው ወገናችን ቢሮው ሲዘጋ የዕለት ገቢው ይቀንሳል። በ2019 የወጣ ሕግ የመንግሥት ሠራተኞች ያልተከፈላቸው ደመወዝ መሥሪያ ቤቱ ሲከፈት እንዲከፈላቸው ደነገገ። በኮንትራት ተቀጥረው እነዚያኑ ቢሮዎች የሚያጸዱትና በሮቻቸውን የሚጠብቁት ግን በሕጉ ውስጥ አልተካተቱም፤ የ35ቱ ቀን ደመወዛቸው ቀርቷል።