የብቸኛው ተጫዋች ተራ

የጎልፍ ጨዋታ ለአብዛኛው የአገራችን ሕዝብ እንግዳ ነው። በአዲስ አበባ፣ በድሮው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ፣ የጎልፍ ክለብ መኖሩን የሚያውቅ ሰው ብዙ ቢሆንም፣ ከአጥሩ ወዲያ የሚደረገውን ቀርቦ የተመለከተው ጥቂቱ ነው። እኔም ብሆን ዱላውን ጨብጬ አላውቅም። ይሁን እንጂ የዚህ ጨዋታ ደንብ በመጽሐፉ የሥነ ምግባር ክፍል ውስጥ ለብዙ ዐሥርታት ይዞት የኖረውን አንድ ቃል ከአንድ ወዳጄ አንደበት ከሰማሁ ወዲህ፣ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ ዛሬ በዚህ ገጽ ከአንባቢ ጋር ልመረምረው ተነሥቻለሁ። ቃሉ በአጭሩ ይህን ይል ነበር፤ ብቻውን የሚጫወት ሰው በሜዳው ላይ ቦታ የለውም፤ ስለሆነም ተጋጥመው ለሚጫወቱ ሁሉ መንገድ ሊለቅ ይገባዋል።

የጨዋታውን አካሄድ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ያሻል። ሙሉው የጎልፍ ሜዳ 18 ጉድጓዶች አሉት። ተጫዋቾች አብዛኛውን ጊዜ ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት እየሆኑ ይነሣሉ፤ ከሩቅ የተመታች ኳስ ሰው ልትጎዳ ስለምትችልም የኋለኞቹ ኳሳቸውን የሚመቱት የፊተኞቹ ኳሷ ከማትደርስበት ርቀት ካለፉ በኋላ ነው። ሰው በበዛበት ቀን እንግዲህ ቡድን ከቡድን ኋላ ተሰልፎ፣ አንዱ የሌላውን እርምጃ እየጠበቀ ይጓዛል። በዚህ መካከል አንድ ብቸኛ ሰው ይመጣል። አራቱ አራት ኳስ ሲመቱ እርሱ የሚመታው አንድ ነውና በየጉድጓዱ ከፊቱ ያሉትን ይደርስባቸዋል፤ ደርሶም ቆሞ ይጠብቃል። «ልለፍ» ቢል አራቱን ያስቆማል፤ ካለፈም በኋላ ከፊቱ ሌላ አራት፣ ከዚያም ወዲያ ሌላ አራት አለና ያተረፈው ጊዜ ኢምንት ነው። ቆሞ ቢቀር ደግሞ አራት ሰዎች ሊይዙት ይችሉ የነበረውን ተራ ብቻውን ይዞ ይውላል።

ስለዚህ ደንቡን ያወጡት ሰዎች በብቸኛው ላይ ጥላቻ ነበራቸው ለማለት አይቻልም። ያደረጉት ነገር ሒሳብ ነው። አራት ከአንድ ይበልጣል፤ የአራት ሰዎች መጉላላት ከአንድ ሰው መጉላላት ይከብዳል፤ ስለዚህ አንዱ ይቆይ። ይህ ሒሳብ በጎልፍ ሜዳ ብቻ የተወሰነ አይደለም። በመናኸሪያ፣ በጽሕፈት ቤት፣ በውኃ ቦኖ፣ በምግብ ቤት ጠረጴዛ ሳይቀር በየዕለቱ የምንሠራው ሒሳብ ነው። ጥያቄው ግን ይህ ነው፤ ሰው እንደ እህል በቁና ይሰፈራልን? ቁናው ስላልሞላስ ተራው ይቀራልን?

እህልንና ቁናን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በልጅነቴ ያየሁትን አንድ ነገር እዚህ ላይ መናገር ግድ ይለኛል።

ያደግሁት በአኖ ነው። አኖ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ባኮን አለፍ ብላ የምትገኝ፣ የጎቡ ሰዮ ወረዳ ከተማ ናት። አገሩ የበቆሎ አገር ነው፤ ጎረቤታችን ባኮም በበቆሎ ምርምር ማእከሏ የታወቀች ናት። በመሆኑም ወደ ወፍጮ ቤት የሚመጣው እህል አብዛኛው በቆሎ ነበር። ወፍጮን የሚያውቅ ሰው እንደሚረዳው፣ እህል በተለወጠ ቁጥር በድንጋዮቹ መካከልና በመውረጃው ላይ የቀረው ዱቄት ከሚቀጥለው እህል ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ወፍጮኛው በቆሎ የያዙትን በአንድ ወገን፣ ጤፍ የያዙትን በሌላ ወገን ሰብስቦ፣ አንዱን ወገን ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይሻገርም። ይህም ለሁሉም የሚበጅ ሥርዓት ነው።

አንድ ቀን ማለዳ እናቴ በቆሎ አሸክማኝ ሄድሁ። ከወረፋው ሦስተኛ ነበርሁ። ከእኔ በፊት አንዲት ባልቴት ቀድመው ደርሰው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። የያዙት ከአንድ ቁና የማይበልጥ ዳጉሳ ነው። ከእርሳቸው በቀር በዚያን ዕለት ዳጉሳ የያዘ ሰው አልነበረም። ወፍጮኛው በትሕትና፣ «እናቴ፣ በቆሎው ይለቅና ይደርስዎታል» አላቸው። እሳቸውም ዝም አሉ። በቆሎው ግን አልለቀቀም፤ አንዱ ሲያልቅ ሁለት ይመጣል፤ በአህያ የጫኑ፣ ከየቀበሌው ተጠራርተው የመጡ፣ እየተሳሳቁ የሚገቡ ነበሩ። እኔ አስፈጭቼ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ወደ ማታ ጨው እንድገዛ ተልኬ በዚያ ሳልፍ ባልቴቲቱን እዚያው ቦታ፣ እዚያችው ስልቻ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ልጅ ነበርሁና ደንግጬ፣ «እማማ፣ እስካሁን አልተፈጨልዎትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። የመለሱልኝ በኦሮምኛ ነበር፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው እንዲህ ይሆናል፤ «ግድ የለም ልጄ፣ የእኔ እህል ብቻውን ነው።»

ያች ቃል እስከ ዛሬ አብራኝ አለች። ባልቴቲቱ ስለ ራሳቸው አልተናገሩም፤ ስለ እህላቸው ነው የተናገሩት። ይሁን እንጂ እህሉ ብቻውን የሆነው እርሳቸው ብቻቸውን ስለሆኑ እንደነበረ ዘግይቶ ገባኝ። ጎረቤት ተጠራርቶ ሲመጣ አልጠራቸውም፤ በቆሎ የሚያርስላቸው ጉልበት በቤታቸው አልነበረም። ወፍጮኛው አልበደላቸውም፤ ሥርዓቱ ትክክለኛ ነው። በወረፋው የቆምነውም ማንኛችንም ክፉ ቃል አልተናገርንም። ያም ሆኖ አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ከደጅ ውሏል። በደል አድራጊ ሳይኖር በደል ሊፈጸም መቻሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዚያን ዕለት ነው።

በእኛ ባህል ብቸኝነት የሚከበር ነገር አይደለም። ብቻውን የሚበላ ብቻውን ይሞታል እንላለን፤ ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው እንላለን። ቡና የሚያፈላ ቤት ጎረቤቱን ሳይጠራ ቢጠጣ ነውር ነው፤ የሚበላ ሰው አላፊ አግዳሚውን «እንብላ» ሳይል መጉረስ አይሆንለትም። ጨዋታችንም ይህንኑ ይመስላል። የገና ጨዋታን እንመልከት። በወለጋ ቅሌ የሚሉት ይኸው በቆልማማ ዱላ ሩር የመምታት ጨዋታ፣ ከጎልፍ ጋር በመሣሪያው ጥቂት ቢመሳሰልም በመንፈሱ ፍጹም ይለያል። የተጫዋቹ ቁጥር አልተወሰነም፤ ዘግይቶ የደረሰ ሰው ዱላውን ይዞ ካነሰው ወገን ይቀላቀላል፤ በዚያን ቀን ጌታና ሎሌ ሳይባባሉ ይጋፋሉ። ስለዚህ የብቸኛ ተጫዋች ተራ የሚባል ጥያቄ በእኛ ሜዳ አልተነሣም። መልሱ አስቀድሞ በጨዋታው ውስጥ አለና።

ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በዚሁ ረክተን ዝም ብንል ራሳችንን እናታልላለን። ሁሉን የሚያቀላቅል ሜዳ፣ መቀላቀል ያልቻለውን ወይም ያልፈለገውን ሰው ለማየት ዓይን የለውም። የደቦና የዕድር አገር የሆነችው ያች መንደር ባልቴቲቱን ከደጅ ያሳደረቻቸው ከጭካኔ የተነሣ አይደለም፤ ብቻውን የቆመ ሰው ሊኖር እንደሚችል ባለማሰብ ነው።

ለመሆኑ ብቸኝነት ራሱ አንድ ዓይነት ነውን? በእኔ አስተያየት ሦስት ነው። የመጀመሪያው ሰው መርጦ የሚገባበት ነው። የዋልድባ ባሕታዊ ብቻውን የሚኖረው ወድዶ ነው፤ ባሕታዊ የሚለው ቃል ራሱ ብቸኝነትን ከሚያመለክተው የግእዝ ሥር የወጣ ነው። ገጣሚም ስንኙን ሲያበጥር፣ ጎልፍ ተጫዋቹም በዕረፍት ቀኑ አንዲት ኳስ ይዞ ሲወጣ ከዚሁ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ሰው በብርታቱ የሚደርስበት ነው። አበበ ቢቂላ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ የማራቶን ውድድር ሁለተኛ የወጣውን እንግሊዛዊ ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ሲገባ፣ መጨረሻውን መንገድ ብቻውን ነበር የሮጠው። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም የሚለው ተረታችን ባዶ ጉረኛን ለመዝለፍ የተነገረ ቢሆንም፣ አበበ ግን ብቻውን የቀረው ሌሎቹን ሁሉ ከኋላው አስቀርቶ ነው። ሦስተኛው በሰው ላይ የሚወድቅበት ብቸኝነት ነው፤ ሞት፣ ስደት፣ ድህነት ወይም ሕመም የሚያመጣው፤ የባልቴቲቱ ዓይነት።

ችግሩ ከውጭ ሲታዩ ሦስቱ አንድ መምሰላቸው ነው። በወረፋው ላይ የቆመው ሰው ብቻውን የመጣው ወድዶ ይሁን ተገድዶ በግንባሩ ላይ አልተጻፈም። ስለዚህ «ብቸኛ ሰው ቦታ የለውም» የሚል ደንብ ስናወጣ፣ በመጀመሪያው ዓይነት ብቸኛ ላይ የወረወርነው ድንጋይ ሄዶ የሚያርፈው በሦስተኛው ላይ ነው። ባለ ጎልፉ ሰው በሌላ ቀን ሊመለስ ይችላል፤ ዱቄት የጠበቀው ቤት ግን ሌላ ቀን የለውም። እንግዲህ የአንድ ደንብ ፍትሐዊነት መመዘን ያለበት በምቹው ሰው ሳይሆን ምርጫ በሌለው ሰው ላይ በሚያደርሰው ነገር ነው።

የሚያስደስተው ነገር የጎልፍ ሰዎች ራሳቸው ይህንን ደንብ ይዘው አልቀሩም። እ.ኤ.አ. በ2004 በተሻሻለው የደንብ መጽሐፋቸው፣ በሜዳው ላይ ቅድሚያ የሚሰጠው በቁጥር ሳይሆን በአጨዋወት ፍጥነት እንዲሆን ተደነገገ፤ ቡድን የሚለው ቃል ብቻውን የሚጫወተውንም ሰው እንደሚጨምር በግልጽ ተጻፈ። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ እንዲያስብ እለምናለሁ። አንድ ሰው ቡድን ነው ማለት እኮ በሒሳብ ስሕተት፣ በሥነ ምግባር ግን ትልቅ እውነት ነው። የጨዋታው እናት ተብላ በምትቆጠረው በስኮትላንዷ ሴንት አንድሩስ ከተማም ጓደኛ የሌለው ተጫዋች በጥንታዊው ሜዳ ቦታ ለማግኘት ሌሊቱን ከደጅ ተሰልፎ ያድር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 ግን ለብቸኞች የተለየ የዕለት ዕጣ ተጀመረና ያ የሌሊት ሰልፍ ቀረ። ዕጣው የደረሰው ብቸኛ የሚገባውም ቦታ ከጎደለው ቡድን ጋር ተቀላቅሎ ነው። ስለዚህ ብቸኛውን ማክበር ማለት ሜዳውን ለእርሱ ባዶ ማድረግ ማለት አይደለም፤ በደጅ እንዳያድር ማድረግ ማለት ነው።

ከዚህም የብቸኛው ግዴታ ይከተላል። ቦታ ያለው ሰው ሁሉ ግዴታ አለበትና። «ቦታ አለኝ» ማለት «ሜዳው የእኔ ነው» ማለት አይደለም። መንገዱ በሰው ተሞልቶ ሳለ በየጉድጓዱ «ልለፍ፣ ልለፍ» የሚል ሰው አራቱን ያጉላላል እንጂ ራሱን አይጠቅምም። «ና አብረን እንጫወት» ሲባልም፣ ቢችል መቀበል፣ ባይችል በምስጋና መመለስ እንጂ ፊቱን ማጥቆር አይገባውም። በሌላ በኩል ጠሪዎቹም «እንብላ» ያሉት ሰው «ጠግቤያለሁ» ሲል እንደሚያምኑት ሁሉ፣ ብቻውን ለመሆን የፈለገውን ሰው እንደ ትዕቢተኛ ሊቆጥሩት አይገባም። ጥሪው የሚከበረው እምቢ ለማለትም ነጻነት ሲሰጥ ነው።

እኔ የቴአትር ሰው እንደመሆኔ ይህን ነገር ከመድረክ ተምሬዋለሁ ለማለት እደፍራለሁ። በአንድ ተውኔት ውስጥ ሃያ ሰዎች መድረኩን ሞልተው የሚጮኹበት ጊዜ አለ። ሆኖም ሌሎቹ ሁሉ ወጥተው አንዲት ሴት ብቻዋን ቀርታ በዝግታ የምትናገርበትም ጊዜ አለ። በዚያን ጊዜ ተመልካቹ «አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ሃያዎቹ ይመለሱ» አይልም። ይልቁንም ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ ያዳምጣል። በመድረክ ላይ ለአንድ ሰው የምንሰጠውን ይህን ትዕግሥት በወፍጮ ቤት ደጃፍ መንፈጋችን ያስገርመኛል።

ለመሆኑ በዚያን ቀን ምን ሊደረግ ይቻል ነበር? ይህን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ማለዳ፣ ወፍጮው ገና በቆሎ ሳይቀምስ፣ ያች አንድ ቁና ዳጉሳ ቀድማ ብትፈጭ ኖሮ ነገሩ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነበር። ከዚያ በኋላ በድንጋዩ ላይ የሚቀረው የዳጉሳ ዱቄት ከመጀመሪያው ባለ በቆሎ ጆንያ ጋር ጥቂት ይቀላቀላል፤ ጉዳቱም ከዚህ አያልፍም። ሥርዓቱ አይፈርስም፤ ወፍጮኛውም አይከስርም። የጎደለው ከተሰለፍነው መካከል «እሳቸው ይቅደሙ» የሚል አንድ ሰው ነበር። ልጅ ብሆንም ከወረፋው ሦስተኛ ነበርሁና፣ ያ ሰው እኔ ልሆን እችል ነበር።

ዛሬ ወደ ነቀምቴ ስጓዝ አኖን ባለፍሁ ቁጥር ያ ደጃፍ ይታየኛል። ባልቴቲቱ በሕይወት የሉም፤ ዕዳው ግን የሚከፈልበት ቦታ አልጠፋም። በመናኸሪያው፣ በቦኖው፣ በየጽሕፈት ቤቱ ደጅ፣ ሰው ሁሉ ተጠራርቶ ሲገባ ብቻውን የቆመ አንድ ሰው አለ። ከየትኛው የብቸኝነት ዓይነት እንደሆነ ለማወቅ መርምረን እስክንጨርስ ተራው ያልፋል። ስለዚህ አስቀድመን እናሳልፈው።