ላሸነፈን ማጨብጨብ

ሰው በሽንፈቱ ሰዓት ላሸነፈው ያጨበጭብ ዘንድ ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ ያስነሣብን በሬይክያቪክ ከተማ ሐምሌ 16 ቀን 1964 ዓ.ም. ፊሸርና ስፓስኪ ለዓለም ሻምፒዮንነት የተጫወቱት ስድስተኛው የሰንጠረዥ ጨዋታ ነው።

ፊሸር እስከዚያ ድረስ ነጩን ሲይዝ ከሞላ ጐደል ዘወትር የሚከፍተው የንጉሡን ወታደር በመግፋት ነበር። በዚያን ዕለት ግን ልማዱን ትቶ፣ አንድ ወታደር ለባላጋራ እንደ መባ የሚቀርብበትን «የንግሥት ጋምቢት» የተባለውን አከፋፈት ያዘ። ስፓስኪ የመለሰው በሚተማመንበት በታርታኮቨር መከላከያ ነበር፤ ኾኖም ከ41ኛው እርምጃ በኋላ እጁን ሰጠ። ተመልካቹ ሲያጨበጭብ እርሱም አብሮ አጨበጨበ።

ዘውዱ ከ1940 ዓ.ም. ጀምሮ ከሶቪየት ኅብረት ሰዎች እጅ ወጥቶ ስለማያውቅ፣ የተሸከመው የራሱን ስም ብቻ አልነበረም። የጦር አለቃ የጠላቱን ጀግንነት በአደባባይ ቢያወድስ የጓዶቹን ልብ አያላላምን? ክርክሩ ቀላል አይደለም። (በእኛስ ሰንጠረዥ፣ ተራ ሳይጠበቅ ሁለቱም ባንድነት በሚዘምቱበት በወረራው ጊዜ፣ ባላጋራውን ለማድነቅ ፋታ የሚያገኝ ማን ነው!)

እኛ ግን ጊዜውን እናስተውላለን። ስፓስኪ ያጨበጨበው ትግሉን ከፈጸመ በኋላ ነው፤ ሲጫወት አንዲት ስፍራ እንኳ በቸርነት አልለቀቀም። የሥራውን ውበት ከእርሱ ይልቅ ቀርቦ ያየው ስላልነበረ፣ ዝም ቢል ኖሮ ዋናው ምስክር በጠፋ ነበር። በነሐሴ ወር ዘውዱን ያጣው ልቡ በዚያ ጭብጨባ ስለ ላላ ነው የሚል ቢኖር፣ 11ኛውን ጨዋታ ያሸነፈው ይኸው ስፓስኪ መኾኑን ይመልከት።