አዲስ ልብ በአሮጌ ደረት

አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ኋላዋ በክሪክ ተነሥቶ፣ ሞተሯ ወርዶ በጋራዥ ወለል ላይ ስትታይ፣ ተመልካችን አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል። ይህች አሁን መኪና ናት ወይስ የመኪና ቅርፊት? ነገ ሌላ ሞተር ገብቶላት ስትነሣስ ያችው የትናንቷ ናትን? ጥያቄው የመካኒክ ጨዋታ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሰው ስለ ራሱ መለወጥ የሚናገረውን ሁሉ የሚመዝን ጥያቄ ነው።

በመጀመሪያ ሥራውን መመልከት ይገባል። የቮልስዋገን ሞተር በአየር የሚቀዘቅዝ፣ አራት ሲሊንደሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው በግራና በቀኝ የተጋደሙ፣ ከካምቢዮው ጋር በአራት ብሎን የተያያዘ ነው። ባትሪው ይፈታል፤ የቤንዚኑ ጎማ ይዘጋል፤ የነዳጅ መስጫው ገመድና ሽቦዎቹ ይላቀቃሉ፤ ብሎኖቹም ተፈትተው ሞተሩ ወደ ኋላ ተስቦ ቀስ እያለ ይወርዳል። ማውረዱ ቀላል ነው፤ ጥበብ የሚጠይቀው ተተኪውን ማስገባቱ ነው። የካምቢዮው ዘንግ ከፍሪሲዮኑ ዲስክ እምብርት ጋር በትክክል መገናኘት አለበት። ሳይገጥም በብሎን ኃይል ሊያስገድደው የሚሞክር ሰው ዲስኩን ያጣምማል፤ የሞተሩንም ክብደት በቀጭኑ ዘንግ ላይ ያንጠለጥላል። ጉልበት የትዕግሥትን ቦታ ሊይዝ እንደማይችል እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

የጥያቄው ዕድሜ ግን ከመኪና ዕድሜ እጅግ ይበልጣል። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ የአቴና ሰዎች የቴሴዎስን መርከብ ለመታሰቢያ ሲጠብቁ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ በአዲስ ይተኩ ነበር፤ ፈላስፎችም መርከቢቱ ያችው ናት፣ አይደለችም በማለት ተከፈሉ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቶማስ ሆብስ ክርክሩን አከረረው። የወጡትን ሳንቃዎች አንድ ሰው ሰብስቦ በቀድሞ ሥርዓታቸው ቢገጣጥማቸው፣ ከሁለቱ መርከቦች እውነተኛይቱ የትኛዋ ናት?

ሞተር ግን እንደ ሳንቃ ከብዙዎች አንዱ አይደለም፤ የእንቅስቃሴ ምንጭ ነው። ስለዚህ ምሳሌው ወደ ሰው ልብ ያመራል። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 3 ቀን 1967 ክርስቲያን ባርናርድ በኬፕ ታውን የአንዲት ሟች ልብ ለአንድ በሽተኛ ተከለ። በሽተኛው ከዚያ በኋላ የኖረው 18 ቀን ብቻ ቢሆንም፣ በእነዚያ ቀናት ሌላ ሰው ሆነ ያለ አልነበረም። ሚስቱ ሚስቱ ነበረች፤ ስሙም ስሙ። እንግዲህ ማንነት በአንድ አካል ውስጥ፣ ያውም በዋነኛው ውስጥ፣ ተቆልፎ የተቀመጠ ነገር አይደለም ማለት ነው።

ታዲያ በምን ይጸናል? ሊብሬ ለዚህ የራሱ መልስ አለው። የሻንሲው ቁጥርና የሞተሩ ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፉበታል፤ ሞተር የለወጠ ባለንብረትም ለውጡን ማስመዝገብ ይጠበቅበታል። ሕጉ መለወጥን አይከለክልም፤ የሚከለክለው መደበቅን ነው። የዐሥር ዓመት ቁጠባውን ይዞ የመጣ ገዢ ከየት እንደ ተነቀለ የማይታወቅ ሞተር በዝምታ ቢሸጥለት፣ የተጎዳው በብረቱ አይደለም። ብረቱ ደኅና ሊሆን ይችላል። የተጎዳው እውነቱን አውቆ የመምረጥ መብቱ በመወሰዱ ነው። እዚህ ላይ መካኒኩም ከተጠያቂነት አያመልጥም፤ እጁ የሚያውቀውን አፉ ሲክድ ሙያው ግማሽ ይሆናልና።

ሁለተኛም ነገር አለ። በ34 የፈረስ ጉልበት ሞተር ትሄድ ለነበረች አሮጌ ቮልስዋገን የኋለኛውን ዘመን ባለ 50 ቢያስገቡላት ደስታው ፈጣን ነው። ዳሩ ግን የኋለኛው ሞተር መሽከርከሪያ ጎማ ሰፋ ያለ ስለሆነ፣ በቀድሞው ካምቢዮ ቤት ውስጥ እንዲዞር ግድግዳው መሞረድ ሊኖርበት ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጉልበቷ አድጎ ፍሬኗ እንደ ነበረ ይቀራል። ማቆሚያውን ሳያጠነክር መንጃውን ብቻ ያጠነከረ ሰው መኪናይቱን አላደሰም፤ አደጋዋን አሳደገ እንጂ። ኃይል ያገኘ ሰውም ሆነ ተቋም ራሱን የሚገታበትን በዚያው ልክ ካላሳደገ ፍርዱ ከዚህ የተለየ አይሆንም።

እንግዲህ ልቤን ለውጫለሁ የሚል ሰው ምን ይጠየቃል? ትናንት መንገደኛ የገጨ ሾፌር ዛሬ የመኪናውን ሞተር ቢቀይር የተጎጂው ቁስል አይሽርም፤ ካሳውም አይሰረዝም። በአንጻሩ፣ ያለፈው አይሻርምና መለወጥ ከንቱ ነው የሚለው ክርክርም ስሑት ነው። በተቃጠለ ሞተር የቆመች መኪና ዕዳ የሚከፈልበትን እህል አትጭንም። መታደስ የሚያስፈልገው ዕዳን ለማምለጥ ሳይሆን ለመክፈል አቅም ለማግኘት ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ከሞተር ለውጥ በላይም መዋሉ አይቀርም።

ስለዚህ ያችው ናትን ለሚለው ጥያቄ ብረቱ ብቻውን መልስ አይሰጥም። የሄደችበትን መንገድ፣ የጫነችውንና የሰበረችውን፣ የወጣውንና የገባውን ሳይሸሽግ የሚናገርላት ባለቤት እስካላት ድረስ ያችው ናት። ባለቤቷ አዲሱን የሞተር ቁጥር አስጽፎ፣ የድሮውን ዕዳ በራሱ ስም ይዞ ከጋራዡ ሲወጣ፣ መኪናይቱ በእውነት ታድሳለች።