ለቀብር የሚፈጥን እግር

የመስቃን ሰው ከቀብር አይቀርም። ቡታጅራ ላይ የእድር ጥሩንባ ሲነፋ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሥራውን ጥሎ ይወጣል። ድንኳን ይተከላል፣ ወንበር ይደረደራል፣ ንፍሮ ይጣዳል። ይህ ደግነት የአባቶች ውርስ ነው፤ እግዚአብሔር ያጽናው። ሰባኪን እንቅልፍ የሚነሳው ሌላ ነው፦ ያ ሁሉ እግር ጥሩንባው ሳይነፋ በፊት የት ነበር?

በተለይ በአንጀት ካንሰር የታመመ ወጣት ወላጅ ባለበት ቤት ይህ ጥያቄ ይከብዳል። በሽታው ገና ከጅምሩ በእፍረት ይሸፈናል። ደም ከሰገራ ጋር ሲታይ “ኪንታሮት ነው፣ አሜባ ነው” ይባላል፤ ከፋርማሲ አንድ ነገር ይገዛና ወራት ያልፋሉ። ይህ ካንሰር በኢትዮጵያ ወንዶች ላይ በብዛት ከሚታዩት አንዱ ነው። የሽማግሌ በሽታ ብቻም አይደለም። በአሜሪካ ምርመራ እንዲጀመር የሚመከርበት ዕድሜ እ.ኤ.አ. በ2021 ከ50 ወደ 45 ዝቅ ያለው በወጣትነታቸው የሚታመሙት ስለበዙ ነው።

እንግሊዛዊቷ ዴቦራ ጄምስ ምክትል ርእሰ መምህርትና የሁለት ልጆች እናት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ፣ በ35 ዓመቷ፣ የአንጀት ካንሰር ተገኘባት፤ ወዲያውም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል መሰራጨቱ ታወቀ። እሷ ግን አልተደበቀችም። ስለ ሰገራ፣ ስለ ደም፣ ስለ ቀዶ ሕክምና በአደባባይ ተናገረች፤ ሰው ሁሉ ሰገራውን እንዲያይ እየለመነች ከአምስት ዓመት በላይ ኖረች። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ለካንሰር ምርምር ከ6 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አሰባስባ፣ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 በ40 ዓመቷ በወላጆቿ ቤት ዐረፈች። እፍረትን ጥላ የሄደች ሴት ናት። በእኛ ሰፈር ግን የበሽታው ስም እንኳ አይጠራም፤ “ያ ክፉ በሽታ” ይባላል።

ምእመናን በሦስት ነገር ሊታረሙ ይገባል። አንደኛው፣ ታማሚን “መድኃኒቱን ተዪው፣ ጠበሉ ይበቃሻል” ማለት ነው። ታሞ የነበረው ንጉሥ ሕዝቅያስ ጸሎቱ ተሰምቶ 15 ዓመት ከተጨመረለት በኋላ እንኳ ነቢዩ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ ቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዟል። ንጉሡ ያኔ ገና 39 ዓመቱ ነበር። ነቢዩ ያላቃለለውን መድኃኒት ምእመኑ በምን ሥልጣን ያስጥላል?

ሁለተኛው አጠያየቃችን ነው። ጠያቂ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ዐይኑ ይቀላል። “ምነው እንዲህ ከሳሽ? እነዚህን ሕፃናት ለማን ትተሽ?” ልጁ መጋረጃ ኋላ ቆሞ ይሰማል። ይህ ያሳፍራል! በሕይወት ባለች እናት ፊት ለቅሶ መቀመጥ ነው እንጂ ጥየቃ አይደለም። እሷ ልጆቿን ለማንም አልተወችም፤ ዛሬ ራት ምን ይበላሉ ብላ የምታስብ እናት ናት።

ሦስተኛው፣ ለቀብር ተዘጋጅቶ በሕይወት ያለውን መዘንጋት ነው። አንዲት እንዲህ ያለች እናት ከነኑሮዋ በዐይነ ኅሊና ትታይ። በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ሌሊት ተነሥታ ቡታጅራ መናኸሪያ ትደርሳለች፤ የምርመራ ውጤቷን በፌስታል ይዛ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ አዲስ አበባ ለኬሞ ትገባለች። ለቀብሯ የሚወጣው ገንዘብ በእድሩ መዝገብ ተቆርጦ ተቀምጧል። ለመጓጓዣዋ ግን ስብሰባ የጠራ የለም። የቡላ ገንፎ ይዛ የመጣች ጎረቤት አለች፤ እጇ ይባረክ። ሌላው “እግዚአብሔር ይማርሽ” ብሎ ወጥቷል።

ለዚህ ሕመም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ኦክሳሊፕላቲን ይባላል። ከወሰዱት በኋላ ለቀናት ቀዝቃዛ ነገር መንካት አይቻልም፤ ጣትን እንደ መርፌ ይወጋል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጡም ጉሮሮ የተዘጋ ይመስላል። በእሑድ ምሽት የልጆቹ ዩኒፎርም ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፏል። እናትየው እጇን ትሰድዳለች፣ ትመልሳለች፤ ውሃ ለማሞቅ ከሰሉ አልቋል። ትልቋ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው፤ እጅጌዋን ሰብስባ “እኔ ልጠበው እማዬ” ትላለች።

የጎረቤት በር ከሳፋው ሃያ እርምጃ አይርቅም።