የቅርቡ ጫካ የማን ነው?

የአዲስ አበባ ልጆች ሰሜን ተራሮችን ወይም ባሌን ካላየን ኢትዮጵያን ያየን አይመስለንም። ከጀርባችን ወዳለው እንጦጦ ግን ለንግሥ ወይም ለጠበል ካልሆነ አንወጣም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረት ለጫካ አይሠራም እንዴ?

እኔም የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። አሁን ቅዳሜ ጠዋት ጫማዬን አጥብቄ ሽቅብ እወጣለሁ። ታዲያ እኔ ስወጣ የሚወርዱ አሉ፤ እስኪጎብጡ ድረስ ጭራሮና ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች። አንድ ቀን መንገዱ ሲጠብ አንዲት እናት ከነሸክማቸው ዳር ያዙልኝ። እጄን እያወዛወዝኩ የምሄደው እኔ ነኝ! "ኧረ እማማ፣ እርስዎ ይለፉ" አልኳቸው። "አንተ ለጤናህ ነው የመጣኸው፤ እለፍ ልጄ" አሉኝ።

አለፍኩ። ግን ነገሩ አልወጣልኝም። ያደግኩት የባሕር ዛፍ ቅጠል ጭስ እየሸተተኝ ነው፤ እናቴ እንጀራ የምትጋግረው በሱ ነበር። ያ ቅጠል በማን ጀርባ እንደወረደ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

ደግሞ "ተፈጥሮ" እያልን የምንዝናናበት የእንጦጦ ባሕር ዛፍ እኮ ከአውስትራሊያ የመጣ ነው። በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ ከተማዋ ማገዶ አጥሯት ዳግማዊ ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር እስከማሰብ ደርሰው ነበር። አዲስ አበባን ያተረፋት ይህ ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ነው። የተተከለው ለምድጃ እንጂ ለሽርሽር አልነበረም።

እንደልብ ይቆረጥ ማለቴ አይደለም። ቅጠሉ ተጠርጎ ካለቀ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል፤ ጎርፉም ቁልቁል ወደ ከተማው ይመጣል። ጽዱና ወይራው እንዲመለስ ከተፈለገ ጫካው መጠበቅ አለበት። ጥያቄው የጥበቃው ዋጋ በማን ላይ ይወድቃል የሚለው ነው። ጫካው ሲታጠር እኔ ከፍዬ እገባለሁ፤ ቢከፋ አንድ ቅዳሜ ይቀርብኛል። እሳቸው የሚቀርባቸው እራት ነው። አጥሩን ደግፎ ስለ እሳቸው ሌላ እንጀራ ዝም የሚል ሰው፣ የሚወደው የራሱን ሽርሽር ይመስለኛል። ይሄን የምለው ለራሴም ነው፤ ዝም ብዬ ኖሬአለሁና።

አሁን ጠባቡ መንገድ ላይ ቀድሜ ዳር እይዛለሁ። ዕዳዬን እንደማይከፍልልኝ ግን አውቃለሁ።