አውቆ በቸልታ

አማርኛችን ጥፋትን ለሁለት ይከፍላል፦ አውቆ በድፍረት፣ ሳያውቅ በስህተት። ሽማግሌ ሲያስታርቅም «አውቀህ ነው ወይስ ሳታውቅ?» ብሎ ይጠይቃል። ስለ አልባትሮስ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ግን ሁለቱ አልበቃ ብለውኛል።

ትልቁ አልባትሮስ የደቡብ ውቅያኖስ ወፍ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 3.5 ሜትር ይደርሳል፤ ዛሬ በሕይወት ካሉ ወፎች ይህን የሚያህል ክንፍ ያለው የለም። እንደ እርግብ ክንፉን አያርገበግብም። ትከሻው ላይ ባለ ጅማት ቆልፎ ይዘረጋውና፣ ውሃው አጠገብ ካለው ደካማ ነፋስና ከላይ ካለው ብርቱ ነፋስ ልዩነት ጉልበት እየቀዳ ለሰዓታት ይንሳፈፋል። ሲበር የልቡ ምት ቁጭ ብሎ ሲያርፍ ካለው ብዙም አይበልጥም። ኮድ ጽፎ ለሚያድር ሰው እንዲህ ያለ ኃይል ቆጣቢ ዲዛይን ያስቀናል።

መባዛቱ ላይ ግን ዝግተኛ ነው። የመጀመሪያ እንቁላሉን ለማየት 10 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል፤ ከዚያም በሁለት ዓመት አንድ ብቻ። ጫጩቷን 9 ወር ገደማ እየተመላለሱ የሚመግቧት ሁለቱም ወላጆች ናቸው። አንዱ ባሕር ላይ ከቀረ እሷም የመትረፍ ዕድሏ የመነመነ ነው።

ብዙዎቹን የሚያስቀራቸው መንጠቆ ነው። ቱና አጥማጅ መርከቦች በሺህ የሚቆጠሩ መንጠቆዎች የተንጠለጠሉበት፣ ብዙ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ገመድ ይለቃሉ። ወፉ መንጠቆው ላይ ያለውን ዓሣ ሊበላ ይወርድና ይያዛል፤ ገመዱ ሲሰምጥ አብሮ ይሰምጣል።

ዓሣ አጥማጁ ወፍ ልግደል ብሎ አልወጣም፤ ድፍረት ልንለው አንችልም። ስህተት እንበለው? ነገሩ ከታወቀ እኮ አሥርት ዓመታት አልፈዋል። መፍትሔውም ሮኬት መሥራት አይደለም፦ ገመዱን ሌሊት መልቀቅ፣ ቶሎ እንዲሰምጥ ክብደት ማሰር፣ ከመርከቡ ኋላ ወፎቹን የሚያስበረግግ ባለ ሪባን ገመድ መጎተት። ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ2015 ባለ ሪባኑን ገመድ ግዴታ አደረገች፤ የባሕር ወለል ዓሣ በሚያጠምዱት ረጃጅም ገመዶች የሚሞቱት የባሕር ወፎች ቁጥር በ98 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

«እንጀራው ነው» የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ግን ወፍ የያዘ መንጠቆ ዓሣ አይይዝም።

በእኛ ሙያ፣ የታወቀና ማስተካከያው በእጅ ያለ ባግ እንዲሁ ሲተው፣ ከዚያ በኋላ ባግ አይባልም፤ ውሳኔ ነው። «ሆን ብዬ አይደለም» የሚለው መልስ ለመጀመሪያው ቀን ይሠራል፤ ለሺኛው ቀን ግን አይሠራም። ለዚህ ነው አውቆ በቸልታ የሚባል ሦስተኛ ስም የሚያስፈልገን። ሽማግሌውም አንድ ጥያቄ ይጨምርልን፦ «ካወቅህ በኋላስ ምን አደረግህ?»